ግንቡ የማን ነው?

ቤት በቋንቋችን ውስጥ ከግድግዳና ከጣራ የሰፋ ትርጉም ያለው ቃል ነው። አገር የሚመራበት ሥፍራ ቤተ መንግሥት፣ ጸሎት የሚደረስበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከአንድ ማዕድ የሚቆርሰው ወገን ቤተ ሰብ፣ የአንድ ነገር ጌታ ባለቤት ይባላል። ትዳር የያዘ ሰው ቤት ሠራ እንላለን፤ ኑሮው የተናጋበትን ደግሞ ቤቱ ፈረሰ ብለን እናዝንለታለን። ስንኝ እንኳ የሚያምረው ቤት ሲመታ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ አሮጌ የጌታ ቤት ስንጠይቅ ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ብቻ አንጠይቅም፤ ማን ያዝዝ፣ ማን ይታዘዝ እንደ ነበር፣ ዛሬስ ወራሹ ማን እንደ ሆነ መጠየቃችን ነው።

ይህን ጥያቄ በልቤ የተከሉት አንድ የወገራ ሽማግሌ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት ወረድ ብሎ ባለ አንድ መንደር ውስጥ በእንግድነት አርፌ ነበር። ያረፍኩበት ጎጆ እንደ አካባቢው ቤቶች ሁሉ ክብ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በሣር የተከደነ ነው። ነገር ግን ደፉና የበሩ ግራና ቀኝ በሚገባ በተጠረበ፣ ማዕዘኑ በተስተካከለ ድንጋይ የተሠራ ስለ ነበረ ዓይኔን ሳበው። ከየት እንደ መጣ ብጠይቃቸው ሽማግሌው በምርኩዛቸው ኮረብታውን አመለከቱኝ። እላይ፣ ከወይራ ዛፎች መካከል፣ የአንድ የጥንት ባላባት ግቢ ፍራሽ ይታያል። «አባቴ፣ የቅርስ ሰዎች ቢያዩዎት አይቆጡም?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ድንጋይ ከወንዙ አፋፍ እዚያ ኮረብታ ድረስ በትከሻው ያወጣው አያቴ ነው። እኔ ወደ ቤቱ መለስኩት እንጂ ከማን ሰረቅሁ?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። ጠላዬን ጠጥቼ ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልሰጣቸው ያልቻልኩትን መልስ ለመፈለግ የተደረገ ሙከራ ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። ከጎንደር ተነስቶ በወገራ ደጋ በኩል ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ በስተ ምሥራቅ የስሜን ተራሮች እየተደራረቡ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ራስ ዳሽን ያመራሉ፤ በስተ ሰሜን ደግሞ ምድሩ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይሰበራል። ከጎንደር ወደ ዓድዋና ወደ ምጽዋ የሚያመራው የነጋዴ መንገድ በዚህ ገደል ያልፍ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የመኪና መንገድ እስኪቀዱበት ድረስ ሊማሊሞ የበቅሎና የአህያ ኮቴ የሚፈተንበት በር ነበር። ይህን በር የያዘ ጌታ ቀረጡንም፣ ወሬውንም፣ የጦሩን መተላለፊያም ይይዛል። የአልፕስ ተራሮችን የባላባት ቤቶች ታሪክ ያነበበ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በዚያም ወፍራም ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮትና ማማ ያላቸው ቤቶች የቆሙት ብዙውን ጊዜ መተላለፊያው ባለበት፣ ቀረጡ በሚሰበሰብበት ሥፍራ ነው። ብርድና ገደል በየትኛውም አገር ለባላባት አንድ ዓይነት ምክር ሳይሰጡት አልቀሩም።

የስሜንና የወገራ ገበሬ ለብርዱ የሰጠው መልስ ግን ሌላ ነው። ክብ ቤት ይሠራል። ቋሚው ተተክሎ በማገር ይታሰራል፤ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሞ ጣራውን ይሸከማል። ድንጋይ የሚገኝበት መንደር ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ ያነሣዋል። ከፍ ባለው ደጋ ሣሩ ጓሳ ነው፤ በወፍራሙ ሲከደን ዝናቡንም ውርጩንም ይመልሳል። እሳቱ መካከል ይነዳል፤ ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር አድሮ ትንፋሹን ያዋጣል። ማዕዘን የሌለው ቤት ነፋስ የሚይዘው ጎን አነስተኛ ነው፤ ለአነስተኛ እንጨትም ብዙ ሥፍራ ይሰጣል። ይህን ቤት የሚያቆመው ደቦ ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ ይመጣል፤ ባለቤቱ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል፤ ነገ ደግሞ እርሱ በተራው ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል።

የጌታው ግቢ የሚሠራውም በእነዚሁ እጆች ነበር። ልዩነቱ ጌታው በተራው የማይመጣ መሆኑ ነው። በጉልት ሥርዓት ውስጥ ገባሩ ከእህሉ ከመገበሩ ሌላ ለጌታው አጥር ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሁዳድ ያርሳል። ደቦው ያው ደቦ ይመስላል፤ ዘፈኑም ያው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚመለስ ተራ የሌለው ደቦ ግዴታ ይባላል እንጂ ደቦ አይባልም።

የግቢውም አሠራር ይህንኑ ይናገራል። የመጀመሪያው ነገር አጥሩ ነው፤ ከአጥሩ በኋላ የውጭ ደጅ፣ ከዚያ የውስጥ ደጅ፣ ከዚያ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ባሻገር ጥቂቶች ብቻ የሚዘልቁበት እልፍኝ ይገኛል። ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱና የፈረስ ጋጣው በየወገናቸው ይሰለፋሉ። በዚህ ግቢ ውስጥ የሰው ማዕረግ የሚለካው በእርምጃ ነው። አንዱ ከውጭ ደጅ ይመለሳል፣ ሌላው አዳራሹ በር ላይ ይቆማል፣ ሦስተኛው እልፍኝ ይገባል። «ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገር የተወለደው ከዚህ አሠራር ነው፤ እልፍኝ አስከልካይ የሚለው ሹመትም እንዲሁ። ደጃዝማች የሚለው ታላቅ የጦር ማዕረግ እንኳ ሲተነተን የደጅ አዝማች ማለት ነው። ፍትሕ የፈለገ ገበሬ በብርድ ቆሞ የሚጠብቅበት ያ ደጅ ለሌላው የክብር መጠሪያ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው የጌታ ቤት አሠራር ከምቾት አልፎ የአስተዳደር መሣሪያ እንደ ነበረ ነው።

ከስሜን ጌቶች ሁሉ ስሙ ገንኖ የቀረው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። ውቤ ስሜንን ከአባቱ ወርሶ፣ በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋድስ ደብረ ዓባይ ላይ ድል ከሆነ በኋላ ትግራይን ጨምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ከመሳፍንቱ ኃያላን አንዱ ሆኖ ገዛ። በ1833 ዓ.ም. አቡነ ሰላማን ከግብፅ ያስመጣው የእርሱ መልእክተኛ ጓድ ነበር። በስሜን ደጋ፣ ደረስጌ ላይ፣ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ በሥራውም አገሩን ወዶ ከእኛ ጋር የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር ተካፍሏል። ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጻት ለራሱ ንግሥ ነበር ይባላል።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረገው። ጦርነቱ በተፈጸመ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ባሳነጻት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጣው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ውቤም ታሰረ። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህን ትዕይንት ከልቡ ፈጥሮ ቢያቀርበው «እንዲህ ያለ መገጣጠም የት ይገኛል!» ብለው የሚነቅፉት ይመስለኛል። ታሪክ ግን ሳይፈራ ጽፎታል። ከዚህ ትዕይንት የማገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ቤትን ያሠራ ሰው በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚፈጸም ማዘዝ አይችልም። ደረስጌ ማርያም ዛሬ የምትታወሰው ለውቤ ምኞት ሳይሆን ውቤን ለጣለው ሰው ንግሥ ነው። ትእዛዙ ሲሞት ሥራው ሌላ ሕይወት ጀመረ።

ሌላም ነገር ልብ እንበል። ደረስጌ ማርያም እንደ አብዛኞቹ የደጋ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከባል። የዚህ ክብ ቅርጽ ምንጭ የገበሬው ክብ ጎጆ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ያስባሉ። ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ውቤ ታላቅነቱን ሊያሳይበት የፈለገው ሕንፃ ንድፉን የወሰደው ከገባሩ ቤት ነው ማለት ነው። ገባሩ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ገበረ።

አሁን ወደ ታላላቆቹ ግንቦች እንሻገር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን አሠራ ይባላል። አፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥቱን አቆመ። ልጁ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ቆርቁሮ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ግንብ አነጸ። የፋሲል ግንብ ከጥቁር ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው፤ አራቱን ማዕዘን ክብ ማማዎች ይጠብቁታል፣ በማማዎቹ ላይ ጉልላት ተቀምጧል፣ የበሮቹና የመስኮቶቹ ቅስቶች ቀላ ባለ ድንጋይ ተለይተዋል። በግቢው ውስጥ ከእርሱ ቀጥለው የተሠሩት ሕንፃዎችም በጌቶቻቸው ስም ይጠራሉ፤ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት አዳራሽ፣ የበካፋ አዳራሽ፣ የምንትዋብ ግንብ። ግቢው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል።

ለመሆኑ ኖራውን ያቃጠለ፣ ቅስቱን የገጠመ ማን ነው? በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ የመጡ ግንበኞች በሥራው እንደ ነበሩበት ተጽፏል። ከአገር ልጆች መካከል ደግሞ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቤተ እስራኤልን ነው። የእነዚህ ሰዎች የጥንት ምሽግ ስሜን ነበር። ሠርፀ ድንግል ወደ ተራሮቹ ዘመተባቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሱስንዮስ ኃይላቸውን ሰበረው። ብዙዎቹ ርስታቸውን ካጡ በኋላ በእጅ ጥበብ መኖር ግድ ሆነባቸው። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ድንጋይ ጠረቡ፣ እንጨት አለዘቡ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ነገሥታትም ግንበኞችና አናጺዎች አድርገው አሠሯቸው። ነገሩን ረጋ ብለን ስናስበው ያስደነግጣል። ርስት የሌለው ሰው ለባለ ርስቱ የማይፈርስ ቤት ሠራ። ስማቸው ራሱ ቤት ብሎ የሚጀምር ሕዝቦች በሠሩት ቤት ውስጥ ስማቸው አልተጻፈም። ይባስ ብሎ ጥበባቸው እንደ ነውር ተቆጠረ፤ ማረሻውን የሠራላቸውን እጅ ሰዎች ቡዳ ብለው ፈሩት። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ በወገራና በጎንደር ዙሪያ የነበሩ መንደሮቻቸው ባዶ ቀሩ። ግንቦቹ ግን ከእኛ ጋር አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ፊት ሁለት ቀላል መልሶች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው «ይህ የጭቆና ሐውልት ነው፤ ይፍረስ፣ ወይም በራሱ ጊዜ ይውደቅ» የሚል ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ በየገጠሩ ለብዙ የባላባት ቤቶች ተቆርቋሪ አልነበራቸውም። ቁጣው ምክንያት ነበረው። ይሁንና ቁጣ ሁልጊዜ አድራሻውን አያገኝም። ጌታው ከቤቱ ከወጣ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚቀረው የእርሱ ነገር ምንድን ነው? ማዕረጉ ተሽሯል፣ ጉልቱ ተወስዷል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ የሚቆጭ ሰው እንኳ አልቀረም። የቀረው ጥርቡ፣ ቅስቱ፣ ልኩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የጌታው አልነበሩም። ጅራፍ ድንጋይ ሊያስሸክም ይችላል፤ ቅስት ማቆም ግን አይችልም። ቅስት የሚቆመው እያንዳንዱ ድንጋይ ጎረቤቱን እንዲደግፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ እውቀት ሲኖር ነው፤ ይህም እውቀት በግንበኛው ራስና እጅ ውስጥ ነበር። ጌታው «ከፍ ይበል» ብሎ አዘዘ፤ እንዴት ከፍ እንደሚል የሚያውቀው ታዛዡ ነበር። ስለዚህ ግንቡን ያፈረሰ ሰው ጌታውን አይጎዳውም፤ ግንበኛውን ለሁለተኛ ጊዜ ይዘርፈዋል።

ሁለተኛው ቀላል መልስ ተቃራኒው ነው። «ይህ የአባቶቻችን ክብር ነው፤ እናድንቅ፣ እንኩራ» ይላል፤ ከዚያም ዝም ይላል። አደጋው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። አስጎብኚው የነገሥታቱን ስም በቅደም ተከተል ደርድሮ ሲጨርስ፣ ጎብኚው ፎቶግራፉን አንስቶ ሲሄድ፣ ሕንፃው አንድ ውሸት ተናግሯል ማለት ነው። ሸክሙና ርሃቡ ያልተነገረለት ውበት ግማሽ እውነት ነው። ተማሪዎቹን ወደ ጎንደር የሚወስድ መምህር፣ የግንቡን ሥዕል የሚስል ሠዓሊ፣ የነገሥታቱን ዘመን ለመድረክ የሚያቀርብ ደራሲ ይህን ግማሽ የመሙላት ዕዳ አለባቸው። ይህን ስል ራሴንም እከሳለሁ፤ ስለ ነገሥታት ስጽፍ ግንበኛውን ያለ አንዳች ቃል በመድረክ ላይ ያሳለፍኩባቸው ጊዜያት አሉና።

አሁን ወደ ወገራው ሽማግሌ ልመለስ። የእርሳቸው መልስ ከሁለቱም ይሻላል፤ ምክንያቱም ባለቤትነትን ከትእዛዝ አንሥቶ በድካም ላይ ያስቀምጠዋል። ድንጋዩን ያስመጣው ጌታ ባለቤት ከሆነ፣ የተሸከመው እንዴት ባይተዋር ይሆናል? በዚህ ነጥብ ላይ አሁንም ልሞግታቸው አልችልም። ነገር ግን መልሳቸው አንድ ነገር ይጎድለዋል ብዬ አስባለሁ። ያን ድንጋይ አያታቸው ተሸከሙት፤ ሌላው ግን ከአለቱ ፈለጠው፣ ሌላው ጠረበው፣ ሌላው ጭቃውን ረገጠ፣ የሌላው ሚስት ለሠራተኛው ውሃ ቀዳች። በግድግዳው ውስጥ የእያንዳንዳቸው ድካም ከሌላው ጋር ተጋብቷል። እያንዳንዱ ወራሽ ድርሻዬ ነው ብሎ አንድ ድንጋይ ቢያወጣ ማንም ግድግዳ አይወርስም፤ ሁሉም ድንጋይ ብቻ ይወርሳል። ግንቡ የጋራ የሆነው የመንግሥት መዝገብ እንዲያ ስላለ ብቻ አይደለም። ድርሻን ነጥሎ መውሰድ ጠቅላላውን ሳያጠፋ ስለማይቻል ነው። የአያታቸው ድካም ትርጉም የነበረው ከሌሎቹ ድካም ጋር በቆመበት ሥፍራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን መልስ ይዤ ዛሬ ወደ መንደራቸው ብመለስ ሽማግሌው ዝም የሚሉ አይመስለኝም። «መልካም፣ ድንጋዩን ልመልስ። ለእኔስ ቤት ደፍ ማን ያመጣልኛል?» ይሉኛል። ይህ የነገሩ ሁሉ መፈተኛ ነው፤ ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራም በተግባር የታየ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የሰው አሰፋፈርና የከብት ግጦሽ ለዋልያው መኖሪያ አስጊ ሆኖ በመገኘቱ በ1996 አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ተመደበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከአራት መቶ የሚበልጡ አባወራዎች፣ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ተራራው ዳነ፣ ዋልያውም ሜዳ አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዋልያ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውምና። ግን ገብስ ያበቅል የነበረ፣ ጓሳ የለበሰ ቤቱን በደቦ ያቆመ ሰው በከተማ ዳር በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሲቀመጥ የተወው ግድግዳውን ብቻ አይደለም። ደቦውንም ትቶታል። ካሳ ቤት ይገዛል፤ ጎረቤት ግን አይገዛም።

ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። በጎንደር የጌታውን ቤት በኖራ እናድሳለን፤ በስሜን የገበሬውን ቤት ለቅርስ ስንል እናነሣለን። ሁለቱም ውሳኔዎች የየራሳቸው በቂ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ነገር ግን ቅርስ የሚለው ቃል በአንዱ ቤት ላይ ጠባቂ፣ በሌላው ላይ አስለቃቂ ሆኖ ሲመጣ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለመጪው ትውልድ ብለን የምንጠብቀውን ነገር ዋጋ የሚከፍለው ሁልጊዜ ያው ሰው ከሆነ፣ ስሙ ተለውጦ ይሆናል እንጂ ያ የማይመለስ ደቦ ገና አላበቃም።

ስለዚህ «ግንቡ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሁለት ወገን ያለው ነው። ግንቡ የሠሩት ነው፤ እነርሱም ስለሌሉ የልጆቻቸው ሁሉ በአንድነት ነው፤ በስሜን ያሉትም፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱትም። ማንም ብቻውን ሊያፈርሰው፣ ማንም ብቻውን ሊኮራበት አይችልም። ሆኖም የጋራ ያልነውን ነገር እንዲጠብቅ የምንጠይቀው ሰው የራሱ ቤት ደፍ ያለው መሆን አለበት። ደፍ ለሌለው ሰው ስለ ቅርስ መስበክ፣ በብርድ ደጅ ለቆመ ሰው ከእልፍኝ ሆኖ ስለ አዳራሹ ውበት እንደ መንገር ነው።

ከሽማግሌው ቤት በወጣሁበት ማለዳ ደፉን ስሻገር ቆም ብዬ አየሁት። የመጥረቢያው ምልክት በድንጋዩ ፊት ላይ አሁንም ይነበባል፤ በአንድ ወገን አጎንብሶ በጥንቃቄ የሠራ የሰው እጅ ምልክት ነው። ጌታው ያን ጎን አይቶት አያውቅም ይሆናል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ወገን ነበረና። ግንበኛው ግን ማንም የማያየውንም ጎን ጠርቦታል።